በጠረፉ ላይ የወረደው በረዶ

ኢጋራሺ ቶኩጂን ያገኘችው ልጁ ኪኑዬ ናት። በጠዋት ከዓሣ ማድረቂያው ፋብሪካ ስትመለስ፣ ከቤታቸው ጣራ ሥር ከተቆለለው በረዶ ውስጥ የጎማ ጓንት ጫፍ ብቅ ብሎ አየች። በባዶ እጇ ቆፈረች። ጎረቤቷ ሆንማ ሳኩዞ ወገቡን ይዞ እያነከሰ ደርሶ አገዛት። ሽማግሌው በደረቱ ተደፍቶ ነበር፤ ከሞተም ቆይቷል።

ኡራሃማ የባሕር ጠረፍ መንደር ናት። በብርዱ ወራት ነፋሱ ደመናውን እየነዳ ወደ ተራራው ይወስደዋል። የተራራ ሰዎች አንገታቸው ድረስ ሲቀበሩ፣ እኛ ጫማችንን እንኳ በቅጡ ሳናረጥብ እናሾፍባቸዋለን። በዚያ ሳምንት ግን የሹፈታችንን አገኘን። ነፋሱ ደከመና ደመናው እኛው ላይ ተራገፈ። አውቶቡስ ቆመ፤ መኪኖች አውራ ጎዳናው ላይ ተቀርቅረው አደሩ፤ ኪኑዬም ከባልደረቦቿ ጋር ፋብሪካው ውስጥ አደረች።

መንደራችን ወሬ አያሳድርም። አስከሬኑ ገና ሳይገነዝ፣ ልጅቱ ሽማግሌ አባቷን ለብቻው ጣራ ላይ ትታው ሄደች ተባለ። ጣራ ለብቻ እንደማይጠረግ ሕፃን ያውቃል ተባለ። ኪኑዬ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች።

ጉዳዩን እንድትመረምር የተላከችው ኢንስፔክተር ሞጋሚ ነበረች። አጭር ሴት ናት፤ ተራራ ላይ ተወልዳ ያደገች፣ ስታዳምጥ እጇን ከኪሷ የማታወጣ። ኪኑዬ ሻይ ልትቀዳላት ማንቆርቆሪያውን አነሣችና ሳትቀዳ መልሳ አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለቻት። «ብቻውን ወጥቶ ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህን ሳላውቅ አባቴን መቅበር አልችልም።»

ሞጋሚ ላጽናናሽ አላለችም። መሰላሉ የት እንደሚቀመጥ ብቻ ጠየቀቻት። ኪኑዬ ወደ መጋዘኑ ወሰደቻት፤ መሰላሉም አካፋውም በየቦታቸው ተሰቅለዋል። እነሱን የነካ ሰው እንዳለ ጠየቀቻት። ዛሬ ጠዋት አባቷ ከተገኘ ወዲህ መጋዘኑን የከፈተ የለም አለች።

ከዚያ ሳኩዞን አነጋገረችው። የቀድሞው ፀጉር አስተካካይ ሳኩዞ ከሟቹ ጋር በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጣልቷል። አንዱ በረዶውን ወደ ሌላው ግቢ ጥሏል ተባብለው መንገድ ላይ ሲጯጯሁ ሰው ሰምቷቸዋል። ሳኩዞ አልካደም። ከትናንት በስቲያ የራሱን ጣራ ሲጠርግ ወገቡ ተቀጭቶ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ተኝቶ እንደዋለም ነገራት።

«እንዴት ነው የተቀጩት?»

«እስከ ክዳኑ ድረስ ፋቅሁታ። ሸክላው አንሸራተተኝ። አራት ሸክላም ሰብሬያለሁ፤ ቶኩጂ በመስኮት እያየ ሲስቅብኝ ነበር።» አፍንጫውን ጠረገ። «ሃምሳ ዓመት ተጣልተናል። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

የቀረው የሟቹ ታላቅ ልጅ ሺንፔይ ነው። አናጢ ነው። ተራራ ላይ ያለችው ኮሺሮ መንደር አግብቶ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሚስቱ የብርዱን ወራት ከተማ ልጃቸው ጋ ስለምታሳልፍ አሁን ብቻውን ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ከአባቱ ጋር አይነጋገሩም። ተረኛው ፖሊስ በጠዋት በሞባይሉ ደውሎ ሲያረዳው፣ ኮሺሮ በበረዶ ተቀብራለች፣ ትናንት ጣራዬን ስጠርግ ነው የዋልኩት፣ መንገድ እንደተከፈተ እወርዳለሁ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዓይኑ አብጦ ደረሰ። ከአባቱ ራስጌ ተንበርክኮ ቀረ።

ሞጋሚ ቶኩጂ ጣራ ላይ ወጣች። ሌሊት የጣለውን ስስ በረዶ በእጇ ገፈፈች። ከሥሩ ግማሹ ጣራ ተጠርጓል፤ የተጠረገው ግን እስከ ሸክላው አይደለም። ስስ ንጣፍ ተትቶበታል፤ ያልተጠረገው ወገን ጠርዝም በአካፋ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። ከዚያ የሳኩዞን ጣራ እንዲሁ ገፈፈች፤ ከስሱ በረዶ ሥር ሸክላው አግጥጦ ይታያል። ወርዳ ደግሞ ሽማግሌው የተገኘበትን ቁልል በእግሯ ገለበጠች። እንደ ሳሙና አራት ማዕዘን የተቆረጡ ድፍን ብሎኮች አገኘች። ወደ መኪናዋ ገብታ ስልክ ደወለች።

ሲመሽ ሁሉንም አስከሬኑ ባለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። የቶኩጂ ፊት በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሳኩዞ ምድጃው አጠገብ፣ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አባትሽ ብቻውን አልነበረም» አለች ሞጋሚ ወደ ኪኑዬ ዞራ። «ብቻውን ቢሆን መሰላሉ ጣራው ላይ ተደግፎ ይገኝ ነበር። የሞተ ሰው መሰላል አይሰቅልም።»

ኪኑዬ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«በረዶውም ራሱ ተንሸራቶ አልወደቀበትም፤ በአካፋ ተቆርጦ ነው የተለቀቀው። የቆረጠው ማነው? ጋሼ ሳኩዞ እንደ ጠረፍ ሰው እስከ ሸክላው ይፍቃሉ። እኛ ተራራ ላይ ከታች ስስ ንጣፍ እንተዋለን፤ ክዳኑ እንዳይሰበር፣ እግር እንዳያንሸራትት። ማንም ሳያስበው እጁ ይተወዋል። ያን ጣራ የጠረገው የተራራ እጅ ነው።»

«ከዚህ ቤት ተራራ ላይ የሚኖረው እኔ ብቻ ነኝ» አለ ሺንፔይ ቀና ሳይል። «እኔ ደግሞ ኮሺሮ ነበርኩ።»

«ኮሺሮ በበረዶ ተቀብራለች ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«የኮሺሮን መንገድ ጠራጊዎች ጠየቅኋቸው፣ አቶ ሺንፔይ። ማሽናቸው ትናንትም ዛሬም ከቆመበት አልተነሳም። እናንተ ጋ ፀሐይ ነበር። ዘንድሮ በረዶው ተራራውን ትቶ ጠረፉ ላይ ነው የወረደው። ቤቱ ያደረ ሰው በመስኮት ቢያይ ይህን ያውቃል። እርስዎ ግን ስልኩን ያነሱት ከኮሺሮ አልነበረም። ሲሸሹ አውራ ጎዳናው ላይ ተቀርቅረው መኪናዎ ውስጥ ነው ያደሩት። ተራራው እንደ ሁልጊዜው ይሆናል ብለው ገመቱ።»

ሳኩዞ «ተው እንጂ» አለ በቀስታ፤ ለማን እንዳለው ራሱም አያውቅም።

ሺንፔይ ሲናገር ለእህቱ ነበር የተናገረው። ጣራውን እንዲያግዘው አባቱ ራሱ ደውሎለት እንደመጣ፣ ሲሠሩም ያመቀውን ጥያቄ እንዳወጣው ነገራት። እናታቸው ስታጣጥር ለምን እንዳልጠራው ነበር የጠየቀው።

«ተራራው በበረዶ ተዘግቶ ነበር፣ ምን ላስጨንቅህ ብዬ ነው አለኝ። አልተዘጋም ነበር፣ ኪኑዬ። ያን ቀን ደጃፌ ፀሐይ እየሞቅሁ መጋዜን ስስል ነበር። አንዴ ቢደውል ኖሮ በሕይወት እያለች እደርስላት ነበር። ሳይጠይቅ ገመተ።»

እሱም ሳይጠይቅ ነው የገመተው። አባቱ በገመተው እናቱን ሳይሰናበት ቀረ፤ እሱ ደግሞ በገመተው ተያዘ። በክፍሉ ውስጥ ይህን ያልተረዳ አልነበረም፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

«ከዚያ ወረደ» ብሎ ቀጠለ። «ትንሽ ቆይቶ ከታች ጠራኝ። ጠርዙ ሥር መቆሙን አየሁ። በረዶ ሲለቀቅ ከታች ላለ ሰው ይጮሃል፤ እኛ ጋ ለውሻ እንኳ ይጮሃል። አልጮህኩም፤ ለቀቅሁት። ከዚያ ወርጄ ቆፈርኩ፤ ፊቱን ሳገኘው አልቋል። በረዶውን መልሼ አለበስኩት። ዕቃውን ሰቅዬ ሄድኩ።»

ኪኑዬ ከጠዋት ጀምሮ የጠየቀችው መልስ ይኸው ነበር። አባቷን አልገደለችም። አሁን ግን ጥፋቱ የራሷ ሆኖ ቢቀር በመረጠች።

«ከታች ሆኖ ምን ብሎ ጠራህ?» አለችው።

«ውረድ፣ ምሳ እንብላ ነው ያለኝ።»

ኪኑዬ ወደ ነጩ ጨርቅ አየች።

«ትናንት ከቤት ስወጣ ያስቀመጥኩለት ምሳ ለአንድ ሰው ነበር፣ ወንድሜ» አለች። «ከዚያ ሌላ የሚበላ ቤት ውስጥ አልነበረም። የራሱን ሊሰጥህ ነው የጠራህ።»

ሺንፔይ በግንባሩ ወለሉ ላይ ተደፋ። ሞጋሚ ካቴናውን ሳታወጣ ተነሥታ በሩን ከፈተች፤ ደጅ ቆማም ጠበቀችው።