ጥይት ቋ አይልም

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሙሴ ኤርቬ ጉደር ውስጥ በተከራየው ቤት፣ የሥዕል ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተፈርክሷል። ደሙ ከጥቁሩ ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ወለሉ ላይ ረግቷል። የማገዶ መጥረቢያው ወንበሩ ሥር ተጥሏል፤ ገዳዩ የመታው በስለቱ ሳይሆን በጀርባው ነበር።

ከአምቦ የተጠራችው ኢንስፔክተር ዘቢደር ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ይሄኛው ግን አንገበገባት። ሟቹ ብዕሩን ከጣቱ አልለቀቀም። ገዳዩ ገብቶ ከኋላው እስኪቆም ድረስ ሥራውን አላቋረጠም ማለት ነው። «ጀርባውን የሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነው» አለች ለራሷ። ሳጅን ሞቲ ከአጥሩ በር ሆኖ ደጋግሞ ሲጠራት አልሰማችውም፤ በነሐሴ የጉደር ፏፏቴ ሲሞላ በዚያ ግቢ ሰው የሚነጋገረው አፍ ለጆሮ ገጥሞ ነው። መጥቶ ትከሻዋን ሲነካት ደነገጠች።

«ሰዉ ሴትዮዋን ሊገድላት ነው» አላት።

ሴትዮዋ ሶረቲ ነበረች፤ ኤርቬ ለሚሠራው በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ቀለም የምትቀባው መበለት። ሬሳውን ያገኘችው እሷ፣ ልብሷ በደም የተነከረውም እሷ። ፖሊስ መኪና ውስጥ ብትገባም የተወረወረ ድንጋይ ቅንድቧን ተርትሮታል፤ ሌሎችም ድንጋይ ጨብጠው መኪናውን ከበዋል። ዘቢደር ገዳዩን ዛሬውኑ ካላገኘች ሶረቲ ከጉደር በሕይወት እንደማትወጣ ገባት።

«አዴ ሶረቲ፣ ከሙሴ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይላሉ።»

«ተጣልተናል። የባሌን ሞት አትሣል አልኩት። ጉታ አንዴ ሞቷል፤ መጽሐፉ በተገለጠ ቁጥር ለምን ይሞታል?»

«እንዴት ነበር የሞተው?»

«ደርግ በወደቀበት ሰሞን የሚሸሹ ወታደሮች ወንዙ ዳር በጥይት መቱት። ሬሳውን ወንዝ ወሰደው። አብሮት የነበረው የወፍጮ ሸሪኩ ኦቦ ፈየራ ነው መርዶውን የነገረኝ።»

ሁለተኛው ተጠያቂ መምህር ዮሐንስ ነበር፤ በሥዕሎቹ ላይ የሰዎቹን ንግግር በአማርኛ የሚጽፈው ወጣት። ጣቶቹ በቀለም ጠቁረዋል።

«በሀገሩ ስመ ጥር ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ መርከበኛ ሣለ። መርከበኛውን አናቱን በመዶሻ ይሉታል፣ ኮከብ ይበተናል፣ በሚቀጥለው ሥዕል ተነስቶ ይስቃል። እንዲሞት አንባቢው አልፈቀደም። በመጨረሻ ሰለቸውና ሁሉንም ጥሎ እዚህ መጣ። ‹የተመታ ሰው የሚሞትበት መጽሐፍ ልሥራ› ይለኝ ነበር።»

«አንተና እሱስ ሰላም ነበራችሁ?»

«ትናንት ተጨቃጨቅን። በድምፅ ምክንያት።»

«በምን ድምፅ?»

ኤርቬ በየቤቱ እየዞረ እንስራ ሲሰበር ምን ይላል፣ በር ሲዘጋ ምን ይላል እያለ ይጠይቅ ነበር፤ መልሱን በትልልቅ ፊደል ሥዕሉ ላይ ያሰፍራል። ከተማው «ፈረንጁ ለየለት» እያለ ስቆበታል።

«ጉታ የሚሞትበት ገጽ ላይ ‹ቋ› ብለህ ጻፍ አለኝ። ጥይት ዷ ይላል እንጂ ቋ አይልም ብዬ ተከራከርኩ። እሱ እቴ! ‹እዚያ የነበረው ሰው ነው የነገረኝ› አለና ራሱ ጻፈው።»

ዘቢደር ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ገጹ ከሟቹ ክንድ ሥር ነው፤ ግማሹን ደም ሸፍኖታል። ከጉታ አናት በላይ ወፍራም ጥቁር «ቋ» ተጽፏል። ፊደሉን ድምፅ አውጥታ አነበበችውና ወንበሩ ሥር የተጣለውን መጥረቢያ አየች።

ሦስተኛው የቤቱ አከራይና ባለወፍጮው ኦቦ ፈየራ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረ፣ ግን ምላሱ የማይደናቀፍ ሽማግሌ።

«በአጥሩ በር ሳልፍ ሶረቲ ስትጮህበት ሰማሁ። ወዲያው ደግሞ ዱብ አለ። ዕቃ ወደቀ ብዬ አለፍኩ። ዋቃዮ ያውቃል።»

«ዕድሜዎን ከወፍጮ ጋር ኖረው ጆሮዎ እንዲህ ደህና መሆኑ ደስ ይላል» አለች ዘቢደር።

ሦስቱንም፣ ከሕዝቡም ሽማግሌዎች መርጣ፣ አጥሩ በር ላይ አቆመቻቸው። ሳጅን ሞቲን የበቆሎ ጆንያ አሸክማ ወደ ቤት ላከችው። ከፏፏቴው በቀር የተሰማ ነገር የለም። ከቆይታ በኋላ ሞቲ በላብ ተጠምቆ ወጣ።

«በቆሎውን ከነጆንያው ስንቴ ጣልኩት፤ ስጮህ ጉሮሮዬ ተላጠ። አልሰማችሁም?»

«ምንም» አሉ ሽማግሌዎቹ። ዘቢደር ሬሳው የተነሳለት ክፍል ውስጥ ሁሉንም አስገብታ በሩን ዘጋች።

«ኦቦ ፈየራ፣ ከበሩ ላይ ምንም አይሰማም። ዋሽተዋል። ውሸታም ሁሉ ግን ገዳይ አይደለምና እንቀጥል። ጉታ ሲሞት አብሮት የነበረው ማነው?»

«እኔ፤ አገር ያውቃል።»

«እንግዲያው ሙሴ ‹እዚያ የነበረው› ያለው እርስዎን ነው። ድምፁ ምን ይል ነበር ብሎ ጠየቀዎት። ዷ ማለት ሲገባዎ ጆሮዎ ውስጥ የኖረው፣ ብረት የራስ ቅል ሲመታ ያለው ድምፅ ወጣ፤ ቋ አሉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቆይቶ ሲያስቡት ስህተትዎ ገባዎት፤ ፈረንጁ ነገሩን ሳያወራው ልቅደመው ብለው መጡ። እርስዎ አከራዩ ስለሆኑ ጀርባውን ሰጠዎት። ጉታን በገደሉበት ዘዴ፣ በመጥረቢያ ጀርባ ገደሉት። ጽፎት እንደነበር ግን አላወቁም፤ ፊደሉ ዓይንዎ ሥር ነበር፣ ማንበብ አይችሉም።»

«በአንድ ፊደል ሰው ይከሰሳል?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወፍጮው የእርስዎና የጉታ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የእርስዎ ብቻ ሆነ።»

«ማስረጃ አምጪ» አለ ፈየራ። ድምፁ አልተናወጠም። አንደኛው ሽማግሌም አንገቱን ነቀነቀለት።

ያኔ ሶረቲ ተነሳች። ቅንድቧ ላይ ያለውን ደም አልጠረገችም።

«አሥራ ስምንት ዓመት ‹ጥይት ነው፣ ሳያውቀው ነው የሄደው› እያልኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ» አለች። ቀረብ አለችው። ስድብም እርግማንም አላወጣችም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንደሚጠይቅ በቀስታ ጠየቀችው። «ኦቦ ፈየራ፣ የሮ ሜቃ? ስንት ጊዜ መታኸው?»

ፈየራ ሳጅኑን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሶረቲን ግን ሊያያት አልቻለም።

«የሮ ለማ» አለ። «ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው ስሜን ጠራኝ።»

ሶረቲ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና የባሏን ለቅሶ እንደገና ልትጀምር መሬት ላይ ተቀመጠች።