በሁዳዴ የመጣ የአምባዛ ጭንቅላት

«እጅሽን ዘርጊ አልኩሽ እኮ! አይነክስሽም፤ ሞቷል!»

ትሁን በጉሎ ቅጠል የጠቀለለችውን የዓሣ አንጀት ወደ ጓደኛዋ ወደ ጽጌሬዳ አስጠጋች። ጽጌሬዳ ሁለት ጣቶቿን ብቻ አውጥታ የቅጠሉን ጫፍ ያዘች። ቅጠሉ ተቀደደና ቀዝቃዛ፣ ዝልግልግ ያለ ውሃ ከእጅ አንጓዋ ተነሥቶ ወደ ክርኗ ወረደ።

«ኤጭ! ወይኔ እናቴ! እጅጌዬ ውስጥ ገባ!»

ትሁን በሳቅ ፍርስ አለች። «አቤት ቅብጠት! ነይ እስቲ፣ በሌላ ቅጠል ልደርብልሽ።»

ጽጌሬዳ ጥዩፍ ናት። የምር ጥዩፍ! ዝንብ ያረፈበትን እንጀራ ቆርሳ የምትጥል፣ ሌላ ሰው በጠጣበት ዋንጫ የማትጠጣ፣ ወተት ላይ ስልባቦት ካየች ቀኑን ሙሉ የሚያቅለሸልሻት ልጅ ናት። የሰፈሯ የቁሐር ሚካኤል ልጆች «የቄሱ ልጅ ንጉሥ ልታገባ ነው መሰል» እያሉ ያሾፉባታል። እንግዲህ ይህችው ልጅ ናት ዛሬ የአምባዛ አንጀት ተሸክማ ከኩሬው ዳር ወደ ቤቷ የምትሄደው። ለአንዲት ድመት ስትል!

ነገሩን ያመጡት አይጦች ናቸው። እናቷ ታይቱ «ይህ ሩዝ የሚሉት እህል ፎገራ ከገባ ወዲህ አይጡ ቤተሰቡን ይዞ ይገባል» ትላለች። ጎተራውን መብሳቱ ሳያንስ የአባቷን የቄስ ወልደ ሥላሴን የብራና ዳዊት ጫፉን በላው። ያን ቀን ቄሱ ራሳቸው «ድመት ፈልጉ» አሉ። ጽጌሬዳም የገበሬ ማኅበሩን መጋዘን ከሚጠብቁት ከጋሽ አዛናው አንዲት ግራጫ ድመት ለምና አመጣች፤ ውሪት ብላም ስም አወጣችላት።

መከራው ውሪት የመጣችው ሁዳዴ በገባ ሰሞን መሆኑ ነው። ታይቱ ቅቤና ሥጋ የነካውን ዕቃ ሁሉ በአመድ ፈትጋ ሰቅላዋለች። የታለበው ወተት ለፋሲካ ቅቤ ሊሆን ወደ መናጫው ቅል ይገባል፤ ማንም አይነካውም።

«ድርቆሽ ትብላ» አለች ታይቱ። «ደረቅ ነገር ምን ይላታል? የጠገበች ድመት መቼ አይጥ ትይዛለች! ደግሞ በቄስ ቤት ሰው እየጦመ እሷ ልትገድፍ ነው?»

ውሪት ድርቆሹን አሸተተችና ትታው ሄደች። ጽጌሬዳ በሽሮ ፈተፈተችላት፤ በርበሬው ድመቷን አስነጠሳት። በውሃ ነከረችላት፤ የሕፃን ትውኪያ መስሎ ቁጭ አለ፤ ጽጌሬዳ ራሷ አይታው ምሳዋ ዘጋት። ድመቷ ከሳች፤ የጎን አጥንቷ ይቆጠር ጀመር። አይጥ ማባረሩ ቀርቶ ከመደብ መውረድ አቃታት። ጽጌሬዳ «ትሞትብኛለች» ብላ ለትሁን ያለቀሰችው በዚህ ጊዜ ነው።

የትሁን አባት የክረምቱ ጎርፍ ትቶት ከሄደው ኩሬ አምባዛ እያወጡ ወረታ ይሸጣሉ። በሁዳዴ የሚገዛቸው መንገደኛ ሹፌርና ከሌላ አገር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የሰፈሩ ሰው በጦም እንኳን ሊበላው ሽታውንም አይወደው። አንጀቱና ጭንቅላቱ ግን ትርፍ ነው፤ ትሁን «ውሰጂላት፣ ማን ይጠይቅሻል?» አለች።

ውሪት ከጎተራው ጀርባ አንጀቱን ስታይ አበደች። እያጉረመረመች ጎተተችው፤ ግማሹን ዋጠች፤ ግማሹ ከአፏ ተንጠለጠለ። ጽጌሬዳ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ፊቷን አዞረች። ድምፁ ግን አልቀረላትም፤ የሚላጥ፣ የሚላስ፣ የሚንጣጣ ድምፅ። «ምነው ሣር በበላሽ!» አለቻት ከልቧ።

ያም ሆኖ ድመቷ ዳነች። ጠጉሯ አማረ፤ የመጀመሪያውን አይጥም ያዘች፤ ታይቱ ስለ ጠገበች ድመት የተናገረችው ሁሉ ውሸት ሆነ። ጽጌሬዳም በየቀኑ ኩሬው ዳር መሄድ ስላንገሸገሻት አንድ ቀን ብዙ አምጥታ የተረፈውን በገል ከድና ከጎተራው ሥር ደበቀችው። በማግስቱ ገሉን ስታነሣ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ትል! ነጭ፣ የወፈረ፣ እርስ በርሱ የሚርመሰመስ ትል! የበላችውን እዚያው አወጣችው፤ ገሉንም መልሳ ሳትከድን ሮጠች።

ለዚህ ነው ጣጣው የመጣው።

በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤታቸው እትዬ ደብሬ መጥተው ከቄሱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጠላቸውን ይዘው የሴቶች ማኅበሩን ያማርራሉ። «በሰንበት ስብሰባ! ቅዳሴ ሳይወጣ ኑ ይሉናል እኮ፣ አባ!» ትሁንም ከጽጌሬዳ ጋር ልታጠና መጥታ በበሩ ጥግ ቁጭ ብላለች። ታይቱ አየሩን ደጋግማ ታሸትታለች። «የሞተ አይጥ አለ እንዴ በዚህ ቤት?»

ውሪት በበሩ ገባች። አንድ ነገር እየጎተተች ነበር፤ ከእትዬ ደብሬ ቀሚስ ጫፍ ላይ አምጥታ አስቀመጠችው። የአምባዛ ጭንቅላት ነው። ረጅም ጢሙ መሬቱን ይጠርጋል፤ ዓይኑ ፈስሷል፤ በጉንጩ ቀዳዳ ትል ብቅ ጥልቅ ይላል።

«በስመ አብ!» እትዬ ደብሬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዘለሉ። «ዓሣ! በጌታ ጦም፣ በቄስ ቤት!»

ጽጌሬዳ ዓይኗን ከጭንቅላቱ ወደ እትዬ ደብሬ አፍ አዞረች። ያስፈራት ትሉ አይደለም። እትዬ ደብሬ የሰሙትን ሳያወሩ ካደሩ ያማቸዋል። «አባ ወልደ ሥላሴ ቤት በሁዳዴ ዓሣ ይበላል» የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ማን ነው «የንስሐ አባቴ» ብሎ አባቷ ፊት የሚንበረከከው?

ትሁን ብድግ አለች። «ከእኛ ቤት ሰርቃ ነው! ሌባ ናት ይህች ድመት፤ ትናንትም ከኩሬው ዳር ስትወስድ አይቻታለሁ!» አለችና ጽጌሬዳን ጠቀሰቻት።

«እሰይ! እኔም እኮ ምን ጉድ ነው ብዬ!» አሉ እትዬ ደብሬ። ታይቱም ትንፋሿ መለስ አለላት።

«ሌባ ናት?» አለች ታይቱ። «እንግዲያው ዛሬውኑ በጆንያ አድርጋችሁ ጉማራን አሻግሩልኝ። ሌባ ድመት በቤቴ አታድርም!»

ሌባ ድመት ወንዝ መሻገሯ የአገሩ ደንብ ነው። መመለሻ መንገዱን እንዳታይ አፉ በታሰረ ጆንያ ትወሰዳለች። ከማዶ ውሻ ያግኛት ጅብ፣ ማንም አይጠይቅም።

ጽጌሬዳ ድመቷን አየቻት። ውሪት መዳፏን እየላሰች ነው። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ አባቷ ከወሬ ይድናሉ፣ እሷም ከእናቷ ቁጣ ትድናለች፣ ትሁንም ውለታ የዋለች ጓደኛ ትሆናለች። ደህና ሆኖ የተሰካ ውሸት ነው። ዋጋውን የምትከፍለው ግን ውሪት ናት።

«አልሰረቀችም» አለች። «እኔ ነኝ ያመጣሁላት። ብዙ ጊዜ። ትሁን የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው።»

የትሁን ፊት በጥፊ እንደተመታ ሰው ቀላ። በበሩ ወጣች።

ቄስ ወልደ ሥላሴ ጭራሮ አንሥተው የአምባዛውን ጭንቅላት ገለበጡት፤ እሳቸውም ፊታቸውን አጨማደዱ። «አይጥ ትይዛለች?» አሉ።

«ትይዛለች፣ አባ።»

«ጦም ለሰው ነው የተሠራ። ድመት አትቆርብ፣ አትናዘዝ።» ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «ደብሬ፣ ማውራትሽ ካልቀረ አደራ፣ ሙሉውን አውሪ። የበላችው ድመቷ ናት በይ።»

«ኧረ እኔ ምን አገባኝ፣ አባ!» አሉ እትዬ ደብሬ። ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ ደርሰዋል።

ታይቱ ግን አልበረደላትም። «እርስዎ እንዳሉ ይሁን። እኔ ይህን እርጥብ ግማት በግቢዬ አላሳድርም! አንች ልጅ፣ ከወደድሻት ዓሣውን እንደ ቋንጣ ጨው ነስንሰሽ፣ እዚያው ኩሬው ዳር አድርቀሽ አምጭ። ደረቅ ከሆነ እታገሣለሁ። አለዚያ ጆንያው ያውልሽ።»

በማግስቱ ትሁን ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ አልጠበቀቻትም። ትምህርት ቤትም ከሌላ ልጅ ጋር ተቀመጠች። ልጆቹ «የቄሱ ድመት ገደፈች!» እያሉ ጮሁ፤ እትዬ ደብሬ ቢያንስ ሙሉውን አውርተዋል። ጽጌሬዳ መሳቂያ መሆኑ አልከበዳትም። የከበዳት ከጎኗ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ከትምህርት በኋላ ወደ ኩሬው ሄደች። ትሁን ጭቃው ዳር ቁጢጥ ብላ ዓሣ ትዘነጥላለች።

«ምን ፈለግሽ?» አለች ቀና ሳትል።

«ዓሣ ላደርቅ።»

«አንች? ባክሽ አትቀልጂ!» ቢላዋዋን ድንጋይ ላይ ወረወረች። «ለአንች ብዬ ብዋሽ በቄስ ፊት ውሸታም አደረግሽኝ።»

«አውቃለሁ። ይቅር በይኝ። ዝም ብል ግን በጆንያ ሊወስዷት ነበር።»

ትሁን ከክምሩ ትንሹን አምባዛ መረጠችና እግሯ ሥር ጣለችላት። «ቢላዋው ያውልሽ። እኔ ግን አልነካልሽም። ከጉሮሮው እስከ ጭራው ቅደጂው፤ ውስጡን በእጅሽ አውጪ።»

ጽጌሬዳ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አሰረችና ተንበረከከች። ዓሣው ቅርፊት የለው፣ ምን የለው፤ ንፍጥ የለበሰ ሥጋ ነው። ሲያዝ ያመልጣል፤ ሲያመልጥ አፉ ይከፈታል። በጉልበቷ ይዛ ቀደደችው። የሆነ ነገር ጧ አለና ጥቁር አረንጓዴ ውሃ በእጇ ላይ ፈሰሰ። ሽታው ነጠላውን አልፎ ምላሷ ላይ ደረሰ። ፊቷን ወደ ሣሩ አዙራ አስመለሰች።

ከኋላዋ ትሁን ሳቋን ልትይዝ ስትታገል ይሰማታል።

ጽጌሬዳ አፏን በትከሻዋ ጠረገች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ሲጨፈን ደግሞ ባሰ፤ ከፈተችው። ከዚያ እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ዓሣው ሆድ ውስጥ ከተተች፤ ጣቶቿ መካከል የሚሽሎከለከውን ሁሉ ሰብስባ ጎትታ አወጣችው።

«ቀጥሎስ?» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ትሁን የጨውን ቅል በእግሯ ገፋ አደረገችላት።