የጥቅምት ሕመም

«ውሃ ፈራች! በዓይኔ አየሁ፤ ልጅቷ ውሃ ፈርታለች!»

ጋሽ ቸሩ ይህን ያሉት ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ነው። እስከዳር መደቡ ጥግ ተሸጉጣ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች። እናቷ ጥሩሸዋ ግማሹ የተደፋ የጠበል ጣሳ ይዛ ደርቃ ቀርታለች።

እስከዳር የፈራችው ውሃውን ሳይሆን ብርዱን ነበር። በመንዝ የጥቅምት ማለዳ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ሳለ፣ ማጅራት ላይ የሚፈስ ጠበል ጤነኛውንም ያስለፈልፋል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትነካት ጩኸቷን አቀለጠችው፤ እናቷን ገፍትራ መደቡ ላይ ወጣች። ጋሽ ቸሩ ግን የቀበሌው ሚሊሻ ናቸውና ቀላል ምክንያት አይወዱም።

«እጇ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉ አንገታቸውን አስግገው።

«ገላግሌ ነው፤ ሲያጫውታት ቧጭሯት» አለች ጥሩሸዋ።

«ውሻው ቧጨራት! ውሃ ፈራች! ታዲያ ምን ቀረሽ ጥሩሸዋ? ውሻሽ አብዷል።»

ጥሩሸዋ ጣሳውን ከነቀሪው ጠበል ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ነው። ያን ዕለት ጠዋት እስከዳር ራሷን አሟት፣ ዘመሮ ወደሚገኘው ትምህርት ቤቷ ሳትሄድ ቀረች። ይህ እውነት ነው። ቀትር ላይ ተሻላት፤ ይህም እውነት ነው። ውሸቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድመት ነው።

አባቷ በግ ሊሸጥ ደብረ ብርሃን ወርዷል። እናቷ ከደረሰው ገብስ ላይ ወፍ ልትከላከል ማሳ ዋለች። ቤቱ ጭር አለ። ክረምቱን ሙሉ ደመና ሲጫናት የኖረች ፀሐይ ግቢው ውስጥ ተዘርፍጣለች። አጥሩ ሥር ቆቅ ጫጩቶቿን አስከትላ ትለቃቅማለች። እስከዳር ጎመኑን አረመች፤ ጤና አዳሙን ኮተኮተች፤ ደክሟት ስትቀመጥ ገላግሌ አገጩን እግሯ ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ። ዘመሮ ባለው ክፍሏ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሦስት ሦስት ሆነው ባንድ ዴስክ እየተገፋፉ ነበር።

«ዛሬን ብቻ» አለች። ማክሰኞም «ዛሬን ብቻ» አለች። የዛሬ ነገር መቼ ያልቅና!

ረቡዕ ከጓሮው ጀርባ ቀጋ ለቀማ ገባች። ፍሬው ቀልቶ ያጓጓል፤ እሾሁ ግን እጇን ተለተለው። ማታ እናቷ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት፣ ከመኝታዋ ያልተነሣች በሽተኛ ቀጋ ስለቅም ነው አትል። «ገላግሌ ነው፤ ሲያጫውተኝ» አለች። ገላግሌ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ጅራቱን ወዘወዘ። ለመልካም የተጠራ መስሎት።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። በዚያ አገር ታሞ ዝም ብሎ መተኛት የለም። ጎረቤታቸው እትዬ ኮከቤ፣ ካንዲት ዶሮ በቀር ምንም የሌላቸው፣ ከዚያችው ያጠራቀሙትን እንቁላል በመቀነታቸው ቋጥረው መጡ። «ልጅሽን ትተሽ እንዳትወጪ፤ ገብስሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ» ብለው ማሳ ወረዱ። ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል። ሐሙስን ሙሉ «እሽ! እሽ!» የሚለው የሰለለ ድምፃቸው እስከ ቤቱ ይሰማ ነበር። እስከዳር እንቁላሉን እየበላች ሰማችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በላችው።

«መሣሪያዬን አመጣለሁ» አሉ አሁን ጋሽ ቸሩ። «ውሻውን እሰሪው። ልጅቷንም ጤና ጣቢያ አድርሻት፤ ይቺ ነገር ቀን አትሰጥም።»

ጥሩሸዋ እያለቀሰች ገላግሌን አጥሩ ላይ አስራ፣ ለመንገድ ነጠላዋን ልታወጣ ወደ ጓዳ ገባች።

እስከዳር ተስፈንጥራ ወጣች። እውነቱን ልናገር አላለችም፤ ያሰበችው ሌላ ነው። ገመዱን ፈታች። «ሂድ! ጥፋ!» አለችው። ገላግሌ ተቀመጠ። ጓል አንሥታ ወረወረችበት። ጓሉን አሸተተና ተመልሶ መጥቶ ጉልበቷ ላይ ተደገፈ። እንኳን ሊያብድ፣ መኮረፍም አያውቅበት።

«ራቂው! ራቂው ብዬሻለሁ!» ጋሽ ቸሩ ጠመንጃቸውን እያወረዱ በበሩ ብቅ አሉ። ጩኸቱን ሰምተው እትዬ ኮከቤም ወንጭፋቸውን እንደያዙ ከማሳው እያነከሱ ደረሱ። እናቷ ከቤት ወጣች።

እስከዳር ውሻው ፊት ቆመች። ጋሽ ቸሩ የሰሙትን ዘመሮ ገበያ ሳይሰማው አያድርም። ክፍሏም ይሰማል። አስተማሪዋም። ያኔ ጣሳውን ከደጃፉ አነሣችና ቀሪውን ጠበል አናቷ ላይ ገለበጠችው።

«እ... እዩ። ውሃ አልፈራሁም» አለች እየተንዘፈዘፈች። «የቧጨረኝ ቀጋ ነው። ስለቅም። አላመመኝም ጋሽዬ፤ ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ምንም አላመመኝም።»

ጋሽ ቸሩ ጠመንጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው። እስከዳር ዱላ ጠበቀች። እናቷ ግን ቀስ ብላ መጣችና በነጠላዋ ጫፍ ፀጉሯን ማድረቅ ጀመረች፤ ፊቷን ሳታይ። ከዱላ የባሰው ይህ ነው። እስከዳር መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች።

እትዬ ኮከቤ አጥሩን ተደግፈው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ወደሳቸው ሄደች። ዓይናቸውን ለማየት አልደፈረችም፤ ያየችው ጭቃ የለበሰ እግራቸውን ነው።

«እትዬ... ወንጭፉን ይስጡኝ። ገብሱን እኔ እጠብቃለሁ።»

ሰጧት። ወደ ማሳው ጥቂት ተራመደችና እንዲህ በዝምታ መለየቱ አስጨነቃት፤ ዞር አለች።

«ነገ ደግሞ በጠዋት ተነሥቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ማርያምን!»

እትዬ ኮከቤ ጉልበታቸውን ማሸታቸውን ሳያቋርጡ ቀና ብለው አዩዋት።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አሉ።