ከብራዚል ጋር በጳጉሜ

«ከእነዚህ ሠላሳ ሁለት መስመሮች አንዷ እንኳን ውሸት ብትሆን መብረቅ ይምታኝ!» አለ ጋሽ ባምላኩ፣ ቀኝ እጁን ወደ ጣሪያው አንስቶ።

ልዩ ሳታስበው ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች። መብረቁ በዚያ በኩል አንድ ጊዜ መጥቶ ያውቃል። ካቻምና ሰኔ የአንቴናውን ሽቦ ተከትሎ ገብቶ፣ የሬዲዮ ማሰራጫውን እንደ በቆሎ ጠብሶት ሄዷል። የዚያን ቀን ድምፅ ሚዛን ተፈሪን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከመቀመጫው አስነስቷል፤ ማሻ ከተማ ያሉ ውሾች እንኳን ለሦስት ቀን መጮህ ረስተው ነበር። ማሰራጫው መቃጠሉን ግን ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። አንዱ ባለቤቱ ጋሽ ባምላኩ ነው። ሌላዋ፣ በዚያች ሰዓት ጠረጴዛው ሥር ተደብቃ የነበረችው ልዩ ናት።

«በይ ፈርሚ» አለና የሬዲዮ ጥሪዎቹን መዝገብ ወደ እሷ ገፋ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ «የምስክር ስምና ፊርማ» የሚል ባዶ መስመር ይጠብቃታል።

ጋሽ ባምላኩ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ባጃጅ ብዙም አይበልጥም፤ እሱ ግን «ጣቢያዬ» ይለዋል። ግድግዳው ላይ በመስታወት ተለብጦ የተሰቀለ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አለ። ይህ ዜና የሚነበብበት፣ ዘፈን የሚመረጥበት ሬዲዮ አይደለም። አንድ ሰው በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ የጥሪ ምልክት አየሩን አንኳኩቶ፣ ባሕር ማዶ ያለ የማያውቀውን ሰው «እንዴት አደርክ፣ ድምፄ ይሰማል?» የሚልበት ነው። በከተማው ይህ ፈቃድ ያለው ጋሽ ባምላኩ ብቻ ነው። እሱን ከሰማችሁት፣ በዚህ ምድር ላይ ያላነጋገረው ፔንግዊንን ብቻ ነው፤ እሱንም ቋንቋ ቸግሮት ነው።

ልዩ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ከትምህርት ቤት ስትወጣ እግሯ በራሱ ወደዚያች ሱቅ ይወስዳታል። ጆሮዋ ከመስማት ብዛት ሠልጥኖ፣ በጩኸትና በፉጨት መሃል የጠፋን ድምፅ ፈልቅቃ ታወጣለች። የቀራት አንድ ነገር ነው፤ መልሶ መናገር።

ከሁለት ወር በፊት አዲሱ መመሪያ ሲወጣ በደስታ እንቅልፍ አጥታ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፈቃድ የሚሰጠው አሥራ ስምንት ዓመት ለሞላው ብቻ ነበር። አሁን አሥራ አራት የሞላው ሁሉ ተፈትኖ የጀማሪ ፈቃድ ያገኛል። ግን ጀማሪው ብቻውን ማይክ አይጨብጥም፤ በዚያው ከተማ የሚኖር ሙሉ ፈቃድ ያለው ሰው ኃላፊነቱን ሊወስድለት ይገባል። ነባሮቹ ባለፈቃዶች ደግሞ ባለፈው አንድ ዓመት በአየር ላይ እንደነበሩ በመዝገብና በምስክር ማስረዳት አለባቸው፤ ያልቻለ እንደ አዲስ ይፈተናል።

ስለዚህ ጋሽ ባምላኩ ፈቃዱን ካጣ፣ ልዩ መቶ ከመቶ ብታመጣም አፏን ዘግታ መቀመጧ ነው። ሌላው ባለሙሉ ፈቃድ የሚገኘው ጅማ ነው።

ፈታኞቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ቅዳሜ ነው። ያ ቀን ሐሙስ ነበር።

ልዩ እስክሪብቶውን አነሳች፤ ግን ከመፈረሟ በፊት መስመሮቹን በዓይኗ ወረደች። ጃፓን። ኬንያ። ሕንድ። ግሪክ። ከዚያ ዓይኗ አንድ ቦታ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ብራዚል። ቀን አራት፣ ወር… አሥራ ሦስት ይላል።»

«ጳጉሜ ነዋ!»

«ብራዚል ጳጉሜ አላት እንዴ?»

ጋሽ ባምላኩ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ።

ግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ የሚዛን ተፈሪ ሰዓት ነው። ሌላው የዓለም የሬዲዮ ሰዎች ሁሉ የሚመዘግቡበት አንድ የጋራ ሰዓት ነው፤ ቀኑም የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አለበለዚያ የዚህኛው መዝገብ ከወዲያኛው ጋር አይገጥምም። ይህን ለልዩ ያስተማራት ራሱ ጋሽ ባምላኩ ነው። እውነተኛ ጥሪ የመዘገበ ሰው ቀና ብሎ ሁለተኛውን ሰዓት አይቶ ይጽፋል። ከጭንቅላቱ የጻፈ ሰው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ሰዓት ነው የሚጽፈው። መዝገቡ ከላይ እስከ ታች «ጠዋት ሦስት»፣ «ማታ አሥራ ሁለት» እያለ ይሄዳል።

«ደግሞ ጳጉሜ አራት ቴፒ ለቅሶ ሄደህ ነበር» አለች ልዩ።

«ማታውኑ ተመልሻለሁ!»

«መብራት አልነበረም።»

«በባትሪ!» አለ ጋሽ ባምላኩ። ከዚያ ራሱም ሳቀ። «አየሽ? ለዚህ ነው አንቺን ያሠለጠንኩሽ! አዲስ አበባ ያሉት ሊቃውንት በአጉሊ መነጽር የማያገኙትን በግማሽ ዓይንሽ አገኘሽው። በይ ውሰጂና አስተካክለሽ በንጹሕ ገልብጪልኝ። ከዚያ ትፈርሚያለሽ።»

«ጋሼ፣ ለምን አትፈተንም? ሁሉንም ታውቀዋለህ እኮ።»

«እኔ? ከጡጦ ከወረዱ ልጆች ጋር?» ደረቱን ነፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ…» አለና መበየጃውን አንስቶ ያልተበላሸ ሬዲዮ መነካካት ጀመረ። «ብወድቅስ?»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል የተናገረው ለዓመታት ከደበቃት ኪስ ውስጥ ያወጣት ያህል ነበር።

ልዩ መዝገቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። በመንገዱ ዳር ቡናው በሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ ሰማዩ ሲጠቁር ባለቤቶቹ ሸራውን ለመጠቅለል ይሯሯጣሉ። የክፍሏ ልጅ ፍሬአብ ከኋላዋ ደረሰባት። እሱም ቅዳሜ ይፈተናል።

«ምነው ፊትሽ? ፈተናው ተራዘመ እንዳትዪኝ።»

«አልተራዘመም። አንድ ምስክርነት ልፈርም ነው፤ ግን… መዝገቡ ልክ አይደለም።»

«የጋሽ ባምላኩ?»

የቦርሳዋን ማንገቻ ጠበቅ አደረገች። ፍሬአብ ይህን እንደ አዎ ቆጠረው።

«እና ምን ይጠበስ? አንቺ ደግሞ ስታካብጂ! አንድ ፊርማ ናት። ማን ብራዚል ድረስ ሄዶ ይጠይቃል? እሱ ፈቃዱን ያድሳል፣ እኛ ማይኩን እንይዛለን፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ፋራ አትሁኚ።»

ልዩን ያበሳጫት፣ ነገሩ ትክክል መምሰሉ ነው። የሚጎዳ ሰው ፈልጋ አጣች።

ቤት ስትደርስ ንጹሕ ወረቀት አውጥታ መገልበጥ ጀመረች። ከባድ ሥራ አልነበረም። የቀኑን ሰዓት ወደ ጋራው ሰዓት ለማምጣት ሦስት ትጨምርበታለች፤ ጳጉሜ አራትን ሴፕቴምበር ዘጠኝ ታደርገዋለች። የእጅ ጽሑፏ በትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው፤ የማተሚያ ማሽን ቢያየው ሥራ ይለቃል። ውሸቱም በእሷ እጅ ሲጻፍ አማረበት። አሥራ አንድ መስመር ጨረሰች።

አሥራ ሁለተኛው መስመር ኬንያ ነበር።

ያን ሰውዬ ታውቀዋለች። በእርግጥ ሰምታዋለች። ዝናብ ባባራ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ናኩሩ ከሚባል ከተማ «የሚሰማኝ አለ? ማንም አለ?» እያለ ሲጠራ ነበር። ድምፁ እጎናቸው እንደተቀመጠ ሰው ጥርት ብሎ ይሰማል። አንድ ጊዜ ጠራ። ደገመ። ሰለሰ። ጋሽ ባምላኩ የተቃጠለውን ማሰራጫ ማይክ አንስቶ፣ ቁልፉን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ «ሰማሁህ፣ ወንድሜ» አለ። የትም እንደማይደርስ እያወቀ። ሰውዬው ትንሽ ጠብቆ ወደ ሌላ ሞገድ ሄደ። ጋሽ ባምላኩ ማይኩን በቦታው ለማስቀመጥ ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ የዚያን ቀንም አንድም አልጎረረም።

ማሰራጫውን እኮ መጠገን ይችላል። የከተማውን ሬዲዮ ሁሉ ከሞት ያስነሳ ሰው ነው። የጎደለው አንድ ዕቃ ነው፤ እሱም ጅማ፣ የዚያ የሌላው ባለፈቃድ የሙሐመድኑር ሱቅ ውስጥ አለ። ለሙሐመድኑር ግን ከብራዚል ጋር እንዳወራ፣ ብራዚሎቹም ቡናችንን እንዳደነቁ በስልክ ሲተርክለት ልዩ በጆሮዋ ሰምታለች። አሁን ደውሎ «ማሰራጫዬ ከተቃጠለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው» እንዴት ይበለው?

መዝገቡ ካማረ ደግሞ መቼም አይደውልም። እሷም ፈቃድ ይዛ፣ ያን የሞተ ማይክ ይዛ ትቀመጣለች።

እስክሪብቶዋን ከደነች።

ቅዳሜ ጠዋት የፈተናው አዳራሽ በሰው ተጨናንቆ መተንፈሻ አልነበረውም። አሥራ አንድ ተፈታኝ ነበር፤ ከቴፒ የመጡት አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ሲንጫጩ ለሁለት መቶ ሰው ይበቃሉ። ጋሽ ባምላኩ ለሰርግ ብቻ የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ገለበጥሽው?»

«አልጨረስኩትም፣ ጋሼ።» መዝገቡን ሰጠችው።

«አልፈረምሽም።»

«አልፈረምኩም።»

ጋሽ ባምላኩ ለአፍታ አያት። ከዚያ ክራቫቱን አጠበቀ። «ግዴለም። እነሱ ፊት ትመሰክሪያለሽ። የጎደለውን አፌ ይሞላዋል።»

ዋናዋ ፈታኝ ወይዘሮ የሺሃረግ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሴት ናቸው። «ከመጀመራችን በፊት የነባር ባለፈቃዶችን መዝገብ እናያለን» አሉ። «መዝገብ የሌለው ነባር ካለም አይጨነቅ፤ ከተማሪዎቹ ጋር ዛሬውኑ መፈተን ይችላል። ወረቀት ይዘናል።»

ጋሽ ባምላኩ መዝገቡን እንደ ድል ዋንጫ አቀረበ። ወይዘሮ የሺሃረግ ገለጡ፤ አነበቡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ ባምላኩ፣ ወር አሥራ ሦስት?»

«እሱማ ጉድ ነው!» አለ ጋሽ ባምላኩ፣ ወደ አዳራሹ ዞሮ። ከዚያ ተረከው፤ ቀኑ ጳጉሜ ነበር፤ ዝናቡ ከሰማይ ሳይሆን ከምድር ወደ ላይ የሚዘንብ ይመስል ነበር፤ መብራት ጠፍቷል፤ እሱ የሦስት ባጃጅ ባትሪ በአንድ ገመድ አሰረ፤ ጠራ፤ ብራዚል «አቤት!» አለች። ሰውዬው ቡና ገበሬ ነው። ስለ ቡና ሲነጋገሩ ባትሪው አልቆ፣ በቀረችው ጭላንጭል የመጨረሻዋን ሰላምታ ተለዋወጡ። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ የሀገሩን ቀን ጻፈ፤ ማን ይፈርድበታል? የቴፒ ተማሪዎች አጨበጨቡ። ፍሬአብ አፉን ከፍቶ ቀረ። ልዩ ራሷ፣ የባትሪዎቹን ቁጥር ስትሰማ ልታምን ምንም አልቀራትም።

ወይዘሮ የሺሃረግ ፈገግ አሉ። «ጥሩ ወግ ነው። ምስክርዎ ማን ናት?»

ጋሽ ባምላኩ በእጁ አመለከተ። ሁሉም ዞሮ አያት።

«የኔ ልጅ፣ እነዚህ ጥሪዎች ሲደረጉ አብረሻቸው ነበርሽ?»

ልዩ ብድግ አለች። ጋሽ ባምላኩ በዓይኑ «ቀጥዪ» ይላታል፤ ግን አውራ ጣቱ ባዶ አየር ላይ የማይክ ቁልፍ እንደሚጫን ተጣጥፏል።

«አዎ፣ አብሬው ነበርኩ» አለች፣ ከመጨረሻው ወንበር በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «ብዙዎቹን ሰምተናቸዋል። ግን አንዳቸውንም አላነጋገርንም። ማሰራጫው ካቻምና ሰኔ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ ስናዳምጥ ብቻ ነው የነበርነው።»

የጋሽ ባምላኩ ትልቅ ደረት ሱፉ ውስጥ ሲቀንስ ታያት። ወይዘሮ የሺሃረግ መዝገቡን ቀስ ብለው ዘጉት።

ልዩ ተመልሳ ተቀመጠች፤ መሃል ላይ ግን አይደለም። ፍሬአብን በክርኗ ገፋ አድርጋ ወደ አግዳሚው ጫፍ ተጠጋች። አጠገቧ አንድ ትልቅ ሰው የሚበቃው ቦታ ተከፈተ።

«ለጋሼም የፈተና ወረቀት ስጡት» አለች። «እዚህ ይቀመጣል።»