ዞር ያላለው ሰው

ከኖርዌይ የተመለሰው ፉርቃን የሞተው በርበሬ በረንዳ በሚገኘው በአጎቱ በሐጂ ጁነዲን መጋዘን ውስጥ፣ ከጆንያዎቹ ጀርባ በተነጠፈች ፍራሽ ላይ ነው። ጠዋት ሲቀሰቅሱት ቀዝቅዟል፤ ከግራ ጆሮው በላይ አብጧል። ሐጂ «ትናንት ከሱ ጋር ሲጨቃጨቅ አይቼዋለሁ» ብለው ተሸካሚውን ጣሰውን ጠቆሙ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጣሰው እጁ ላይ ካቴና ገባ። ምን ይደረግ፣ በመርካቶ ከተሸካሚ በላይ ለጥርጣሬ የሚመች ማን አለ!

ያሰረችው ኢንስፔክተር ለተብርሃን ናት። ብልህ መርማሪ ነች፣ አይካድም፤ ያን ዕለት ግን ቸኩላለች። በማግስቱ የአስከሬኑን የምርመራ ውጤት አንብባ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች።

«ሐጂ፣ የወንድምዎ ልጅ ኖርዌይ ምን ነበር የሚሠራው?»

«መሃንዲስ ነበር።»

«መሃንዲስ ነው የጎን አጥንቱ አራት ቦታ ተሰብሮ የዳነው? አፍንጫውስ? የፊት ጥርሶቹስ?»

ከሐጂ አጠገብ ዛላ በርበሬ ትቀነጥስ የነበረች ልጃቸው ራዲያ አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

«ተጫዋች ነበር። የበረዶ ሆኪ የሚሉት፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ። አሥራ አራት ዓመት ደሞዝ እየተከፈለው ተከላካይ ሆኖ ተጫውቷል። ጭንቅላቱን ደጋግሞ ሲመታ ሐኪሙ ‹በቃህ፣ ሌላ ምት ይገድልሃል› አለው። ለዚህ ነው ትቶ የመጣው።»

«ራዲያ!» ጮኹ ሐጂ።

«አባ ሰው ምን ይለኛል ብለው ነው፣ ኢንስፔክተር። ለገበያው ሁሉ መሃንዲስ ነው ብለው አውርተዋላ!»

ለተብርሃን በቀጥታ ጣሰው ወደታሰረበት ጣቢያ ሄደች።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ኧረ ቀልድ ነው! መጋዘኑ ውስጥ፣ በረዶ ላይ ሲጫወት የተቀረጸውን በስልኩ አሳየን። አንዱ ግዙፍ ሰውዬ ከግድግዳ ጋር ሲያላትመው ‹ወንድሜ፣ ዞር አትልም እንዴ?› አልኩት። እኛ ሸክም ይዘን ‹ዞር በል!› ስንል ባለሥልጣንም ቢሆን ዞር ይላል። እሱ ሳቀ። ‹የኔ እንጀራ ዞር አለማለት ነው› ብሎ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ አሳየን። ጎማዋን በገላው ነው የሚያቆማት፣ ከኋላው ላሉት ብሎ። ይኼኔ ሐጂ ከቆጡ ላይ ሆነው ጮኹብን፤ እኛም ውልቅ አልን።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቁኝ?»

ለተብርሃን ፊቷ ጋለ። እውነቱን ነው፤ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችውም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፦ ሐጂን፣ ራዲያን፣ ተሸካሚዎቹን፣ ጣሰውንም ከነካቴናው። የሟችን ሱሪ ዘረጋችው።

«በርበሬ የነካው የቀኝ ጉልበቱ ብቻ ነው። የግራ ክንዱም በልዟል። ከኋላው አልተመታም ማለት ነው፤ የሚመጣበትን እያየ ተንበርክኮለታል። ምን መጣበት? እናንተ ጆንያ ከቆጥ የምታወርዱት በዚህ ሳንቃ ላይ እያንሸራተታችሁ ነው። ከሳንቃው ሥር ያለው ጆንያ ደግሞ ፈንድቶ በአዲስ ሲባጎ ተሰፍቷል። የጆንያ መርፌው የት ነው የሚቀመጠው?»

«ሐጂ ኪስ ውስጥ ነዋ» አለ አንዱ ተሸካሚ። «በርበሬው ላይ ባዕድ ነገር እንዳይቀላቀል ለማንም አይሰጡም።»

«ተሸካሚዎቹ ሲወጡ ቆጡ ላይ የነበሩትም እርስዎ ነዎት። ጆንያውን የለቀቁት እርስዎ ነዎት፣ ሐጂ።»

ሐጂ ግድግዳውን ተደገፉ።

«ላስደነግጠው ነበር! ሰው ፊት ሲንበረከክ አሳፈረኝ። ወላሂ፣ ‹ዞር በል!› ብዬ ጮኼያለሁ። ማንም ዞር ይላል! ምን ሆኖ ነው ዞር ያላለው?»

«እኔ ከኋላው ተቀምጬ ነበር» አለች ራዲያ።

ሐጂ ይህን አያውቁም ነበር፤ ከቆጡ ላይ ሆነው ልጃቸውን አላዩዋትም፣ ጩኸት ሰምታ የመጣች መስሏቸው ነበር።

«ተነሥቶ ‹ደህና ነኝ› ብሎ ሳቀ» ቀጠለች ራዲያ። «ወዲያው ግን አስመለሰው። ሆስፒታል እንውሰደው ስል አባ ‹ምን ብለን? ይተኛ› አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ለኔ ብሎ ለተመታው ልጅ ዝም አልኩ። ጣሰው ሲታሰርም ዝም አልኩ። አፈር ልብላ!»

ለተብርሃን የጣሰውን ካቴና ራሷ ፈታች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው፤ እስካሁን «አንተ» ነበር የምትለው። እፍረቷ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

ጣሰው እጁን እያሻሸ «እኔስ እሺ» አለ። «ሚስቴን ግን አከራይዋ ‹የነፍሰ ገዳይ ሚስት› ብላ ዕቃዋን ደጅ አውጥታባታለች። ለሰፈሩ ማን ይነግርልኛል?»

«እኔ» አሉ ሐጂ። «በመኪና አትውሰዱኝ። በእግሬ፣ በገበያው መሃል አድርጌ ጣሰው ቤት ድረስ እሄዳለሁ። ለሁሉም እነግራለሁ።»

ሐጂ ካቴና አጥልቀው፣ ራዲያ ከጎናቸው ሆና ወጡ። የመጀመሪያው ሱቅ በር ላይ ሠላሳ ዓመት አብረው የነገዱ ጎረቤቶቻቸው «ምን ጉድ ነው?» እያሉ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ፤ የሰው ፊት እሳት ሆነባቸው፣ እንባቸው ብቻ ወረደ።

ራዲያ የታሰረ እጃቸውን ያዘች። ቀና ብላ፣ ተራው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች።

«ጣሰው አይደለም! አባቴና እኔ ነን!»