ዳማ ማንን ትጠብቅ ነበር?

ኢንስፔክተር የምሥራች አስከሬኑን ከማየቷ በፊት ሁለት ሰዎች «የገደልኩት እኔ ነኝ» ብለዋት ነበር። በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ገዳይ ፍለጋ ያልወጣችው ዳገት፣ ያልወረደችው ቁልቁለት የለም። ወንጀል የሚሻማ ሰው ሲገጥማት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሟቹ ምስጋናው ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የፖሊስ ውሻ አሠልጣኝ ነበር። ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ለከሰል በሚተከለው የግራር ደን መሃል፣ ሰፊ ግቢ አለው። በዚያ ግቢ ዱላ የሚባል ነገር አይታወቅም። ውሾቹ የሚሠለጥኑት በድብብቆሽ፣ በጨርቅ ኳስና በገመድ ጉተታ ነው። «ውሻም እንደ ልጅ ነው፤ ካልተጫወተ አይማርም» ይል ነበር። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ «ሰውየው በስተርጅና ቀለለ» ብሎ ሳቀበት፤ በኋላ ግን ለበጎቹ ጠባቂ ሲፈልግ ደጁን ይጠና ጀመር። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ምስጋናው በቡችሎች ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንዲት የአየር ቀዳዳ አለችው፤ እሷም በጆንያ ተወትፋለች። መሃል ላይ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። ከከሰሉ ውስጥ ገና እንጨትነቱ ያልለቀቀው ይታያል። ምስጋናው ጥጉ ላይ በተነጠፈው ድርቆሽ ጋቢውን እንደተከናነበ ነው፤ ፊቱ ቀልቷል፤ ቁስል የለበትም። ከሰል በሚከሰልበት አገር ይህን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልግም። ያልበሰለ ከሰል በዝግ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገድል ሕፃኑም ያውቃል፤ ብርድ ሲመጣ ግን አዋቂውም ይረሳል።

የምሥራች በሩን መረመረች። ከውስጥ መያዣ የለውም፤ ከውጭ አንድ ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ቡችሎቹስ?» አለች።

«ማድ ቤት፣ ቅርጫት ውስጥ ናቸው። አራቱም ደህና ናቸው» አላት አብሯት የመጣው ፖሊስ።

የምሥራች ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

በማግስቱ ጠዋት ከሟቹ ሚስት ከእትዬ ሽታዬ ጀመረች። ሽታዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ነገርኩሽ እኮ ልጄ፤ እኔ ነኝ» አለች። «ብርዱ ቡችሎቹን እንዳይጨርሳቸው ብዬ ቀዳዳዋን የወተፍኩት እኔ። ከሰሉ ሳይፋፋም ያስገባሁት እኔ። ሰባት ሰዓት ላይ አስገብቼለት ገበያ ሄድኩ።»

«እሳቸው ለምን እዚያ ተኙ?»

«እናታቸው ስለሞተች አቅፎ ነው የሚያሞቃቸው። በዚያ ላይ ጉንፋን ይዞት ነበር።»

«በሩ ከውስጥ አይከፈትም። በምን ሊወጡ ነበር?»

«ውሻው ዳማ አለችለት። ከውስጥ ሆኖ ሲጠራት ገመዱን በጥርሷ ስባ ትከፍትለታለች። በጨዋታ ያስተማራት ነው። እሷ እያለች በር ከፋች አያሻኝም ይላል።»

«ትናንት ዳማ የት ነበረች?»

«ከበሩ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ዝናብ ላይ ተቀምጣ። በሩን ስንከፍተው እንኳ አልተነሳችም። መሞቱን አውቃ፣ አዝና ነው።»

«ቡችሎቹን ማን ነው ወደዚህ ያመጣቸው?»

«እሱ ይሆናል እንጂ ማን ያመጣቸዋል?»

«እሳቸው እዚያ የተኙት ቡችሎቹን ሊያሞቁ ነው። ቡችሎቹን ካወጡ፣ ተመልሰው ገብተው ምን ይሠራሉ?»

የምሥራች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ባሏ ሰሞኑን የሚያስጨንቀው ነገር ነበር ወይ ስትል ጠየቀቻት።

«ከእሑድ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ‹አንገቴ ላይ ኃጢአት አለ፤ ቅዳሜ ሽማግሌ ፊት ለወገኔ እነግረዋለሁ› ይላል። ምን እንደሆነ ብጠይቀው አልነግር አለኝ። የውሾቹን ጨዋታ የሚጽፍበትን ደብተር ብቻ ሲያገላብጥ ያመሻል።»

ወገኔ ጎረቤት ነው፤ ከሰል ያከስላል። እጁ ታጥቦ የማይጠራ፣ ስልሳን የተሻገረ ሰው ነው። ባለፈው ኅዳር ቦራ የተባለ የምስጋናው ውሻ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይታይሽን ነክሷት፣ ጥር ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ሞታበታለች። ገዳዩ እሱ ነው ብሎ ሰፈሩ ያንሾካሾከውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ከሰሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አላት። «ዝናቡ እንዳያበላሽብኝ ብዬ ክምሩን ሁለት ቀን አስቀድሜ ከፈትኩት። አለመብሰሉን እያወቅሁ ሰጠሁት። ሰው የሚለውንም ሰምቻለሁ።»

«ለልጅዎ ተበቅለው ነው ይላሉ።»

«ልጄን የወሰዳት እግዚአብሔር ነው። ቦራ የተከተበ ውሻ ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሀይማኖት ‹በእጄ የወጋሁት ነው፤ ለመርፌ ባሕር ዳር ድረስ አትንከራተቱ› ብላኛለች። አንዳንዴ ክትባት አይዝም አሉ፤ ምን ይደረጋል። እኔ ጸበል ሳልወስዳት በመቅረቴ ነው ራሴን የምረግመው።»

«ትናንት ዳማ በመጨረሻ እንዴት ተነሳች?»

«የምስጋናው ረዳት አዝመራው ከዳንግላ አሥር ተኩል ላይ መጥቶ ቢጠራት፣ ኳሷን ቢያሳያት ንቅንቅ አላለችም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዶክተር ሀይማኖት ደረሰች። አጠገቧ ተንበርክካ ሁለት ጆሮዋን ያዝ አድርጋ ስትለቃት ብድግ አለች። ያኔ ያላለቀሰ የለም። ለእንስሳ የተፈጠረች ልጅ ናት።»

ሀይማኖት እንጅባራ ውስጥ የራሷን የእንስሳት መድኃኒት ቤት የከፈተች፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ማክሰኞ ቡችሎቹን አይታ ከሄደች ወዲህ እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ወደ ግቢው እንዳልመጣች ተናገረች።

«ውሾቹ ይወዱሻል ይላሉ» አለቻት የምሥራች።

«መርፌ ስወጋቸው አላስራቸውም። በጨዋታ ነው የሚቀመጡልኝ። ጋሽ ምስጋናው ነው ያስተማረኝ» አለችና እንባዋ መጣ።

መጨረሻ የቀረበው ረዳት አሠልጣኙ አዝመራው ነው። ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ዳንግላ ውሻ ሊያስረክብ ሄዶ መዋሉን ተረካቢውም የሚኒባሱ ሾፌርም መስክረውለታል። የምሥራች ግን የጠራችው ለሌላ ነገር ነው።

«ዳማ አዝና ነው የተቀመጠችው?»

አዝመራው አንገቱን ደፋ። «ሰው ሲል ሰምቼ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሳስበው ግን አቀማመጧ የሐዘን አይደለም። ስታዝን ትተኛለች። ያ ‹ጠብቂ› የሚባለው ጨዋታ ነው።»

«አስረዳኝ።»

«‹ጠብቂ› ያላት ሰው ራሱ ተመልሶ ሁለት ጆሮዋን ይዞ ካልለቀቃት አትነሳም። በሥጋ አትታለልም፣ በጥሪ አትመጣም። ሌባ እንዳያባብላት ተብሎ ነው። ሌላ ሰው አስቀምጧት ጋሽ ምስጋናው ራሱ ቢጠራት አትሰማውም። በዚህ በጣም ይኮራ ነበር።»

የምሥራች ከዚያ በኋላ የጨዋታ ደብተሩን አስመጥታ አንድ ሰዓት ሙሉ አነበበች። ስትጨርስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ይህን ነገር ለወገኔ መንገር የእሷ ዕዳ ሆነ፤ ባትነግረው ደግሞ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ባላጠፋው ራሱን ሲረግም ሊኖር ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አራቱንም የልምምድ ሜዳው ዳር ካለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ሰበሰበቻቸው። ዳማም መጣች።

«አዝመራው፣ ጠብቂ በላት» አለች። አዝመራው አስቀመጣትና ራቅ አለ። «ዶክተር፣ አንቺ አስነሺያት።»

ሀይማኖት ጥቂት አመነታች። ሄዳ ተንበረከከች፣ ጆሮዎቿን ይዛ ለቀቀች። ዳማ ቀና ብላ አየቻትና ባለችበት ቀረች። አዝመራው መጥቶ ተመሳሳይ ነገር ሲያደርግ ግን ጅራቷን እየቆላች ተነሳች።

«እንግዲህ ከዚህ እንጀምር» አለች የምሥራች። «እትዬ ሽታዬ፣ ከሰሉን አስገብተዋል፣ ቀዳዳውንም ወትፈዋል። ጋሽ ወገኔ፣ ያልበሰለ ከሰል ሰጥተዋል። ሁለቱም ጥፋት ነው፤ ግን ሁለታችሁም አልገደላችሁም። ሰውየው ራሳቸውን ሲያዞራቸው ዳማን ይጠሩ ነበር፤ ዳማም ትከፍት ነበር። ያልከፈተችው ‹ጠብቂ› ስለተባለች ነው።»

ሽታዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያስቀመጣት ሰው ደግሞ ቡችሎቹን ቀድሞ አውጥቷል። ከሰሉ እንደሚገድል ያውቃል ማለት ነው። ለቡችሎቹ ራራ፤ ለሰውየው አልራራም። እትዬ ሽታዬ ውሻ ይፈራሉ፤ ዳማን አስቀምጠው አያውቁም። ጋሽ ወገኔ ከልጃቸው ወዲህ ውሻ በእጃቸው አልነኩም። አዝመራው ዳንግላ ነበር፤ ደግሞም አሥር ተኩል ላይ ሲጠራት አልተነሳችም። አስቀማጯ እሱ ቢሆን ኖሮ ጆሮዋን ይዞ በለቀቃት ነበር። የተነሳችው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እናንተ ማጽናናት ነው ብላችሁ አለቀሳችሁ፤ እኔ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ጠረጠርኩ። የለቀቃት ያው ያስቀመጣት ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ሀይማኖት ዞሩ።

«እኔ ምን አደረገኝ?» አለች ሀይማኖት።

የምሥራች ደብተሩን ገለጠች። «ጋሽ ምስጋናው እያንዳንዱ ውሻ ለመርፌ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠ ይጽፋሉ። ባለፈው ጥቅምት አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ ‹ቦራ ጎበዝ፣ ሦስት ደቂቃ ተቀመጠ። አልተወጋም፤ መድኃኒቱ ተበላሽቷል፤ ሀይማኖት ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብላለች።› በክትባት ካርዱ ላይ ግን በዚያው ቀን ተወግቷል ብለሽ ፈርመሻል። እሳቸው ረስተውት ኖሮ እሑድ ደብተሩን ሲያገላብጡ አገኙት። ቅዳሜ ሊናገሩ ነበር።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ ግን ለማየት የሚከብድም አለ። ሀይማኖት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ መድኃኒቱ ተበላሸ» አለች። «ነገ እወጋዋለሁ እያልኩ ቀረሁ። ልጅቷ ስትነከስ እውነቱን መናገር አፈርኩ። ውሻው ጤነኛ ነው፣ ምንም አይሆንም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ጠርቶኝ መጣሁ። አብረን እንንገረው አለኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ራሴን አዞረኝ ብሎ ጋደም ሲል ከሰሉን አየሁት። ቡችሎቹን ልመዝናቸው ብዬ አወጣኋቸው። በሩን ዘጋሁ። ዳማን ጠብቂ አልኳት።»

«ጠርቷታል?» አለች ሽታዬ።

«ሁለት ጊዜ።»

«እና ሰማሽው።»

«ሰማሁት፤ ከዚያ ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ዳማ ዝናብ ላይ መሆኗ ትዝ አለኝ። እኔ ካልመጣሁ አትነሳም። አላስችል ብሎኝ ተመለስኩ።»

ሽታዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። አዝመራው ወደ ውጭ ወጣ። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ሲጠጋ ወገኔ እጁን ዘርግቶ አስቆመው፤ ቀስ ብሎም ሀይማኖት ፊት ቁጢጥ አለ። የምሥራች ሊመታት ነው ብላ ተነስታ ነበር። እሱ ግን እንደ ልጁ ነው ያናገራት።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያኔ ለመርፌው ባሕር ዳር ወስጃት ቢሆን ልጄ ትድን ነበር?»

ወገኔ ጥላሸት የበላውን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

«ትድን ነበር» አለች።

ወገኔ ራሱን ነቀነቀ።

«ተሳፍረን ነበር እኮ» አለ። «መናኸሪያ ደርሰን፣ መስኮት ዳር አስቀምጫት፣ በስልክ አንቺ ‹አያስፈልግም› ስትዪኝ አምኜሽ አወረድኳት።»