ልቀቅ ያለው ማን ነው?

አንተነህ የሞተው አንድ ነገር በጥርሱ ነክሶ ነው። ይህን ያየ ሰው ብዙ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ግን አልነበረም።

ኅዳር ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት። ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አያ አበረ በሚባሉ ገበሬ የግጦሽ መስክ ላይ፣ አስከሬኑ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። አጠገቡ ሄሊኮፕተሯ በጎኗ ወድቃለች። ሄሊኮፕተር ሲባል ሰው የሚሳፈርባት አይደለችም፤ በሪሞት የምትበር፣ አንድ ሰው በብብቱ ሸጉጦ ሊሄድ የሚችላት ናት። ብቻ እያንዳንዱ ክንፏ ከክንድ ይረዝማል፤ በሙሉ ኃይሉ ሲዞር ደግሞ ለዓይን አይታይም። የአሠልጣኙን የአንተነህን አንገት ያገኘው ይኸው ክንፍ ነው።

ሪሞቱ በየኔአለም እጅ ነበር። የኔአለም የፊዚክስ መምህር ነው። የሚበር ነገር ለምን እንደሚበር አሥር ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ አስረድቷል፤ ራሱ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከወረቀት በቀር ያበረረው ነገር አልነበረም። ሣሩ ላይ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ የገደልሁት» አለ፣ ገና ማንም ሳይጠይቀው።

«እኔ ደግሞ ሕሊና እባላለሁ» አለች ፊቱ የቆመችው ኢንስፔክተር።

የኔአለም ቀና ብሎ አያት። እግዜር እንኳ የሚቀልድበት መሰለው።

«መግደልህን ቆየኝና ምን እንዳደረግህ ንገረኝ» አለች ከጎኑ ቁጢጥ ብላ። አርባን የተሻገረች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት።

«ይቺ ማብሪያ ሞተሩን ታስረዋለች» አለ በጣቱ እያሳየ። «አንተነህ ‹ያዝ› ሲል አስራለሁ፤ ‹ልቀቅ› ሲል እፈታለሁ። ከፈታሁ በኋላ ማንሻውን ቀስ እያልሁ ከፍ ሳደርግ ነው ክንፉ የሚዞር። ዛሬ ግን ገና ስለቀው በአንድ ጊዜ ተነሣች። ማንሻውን አልነካሁም። ነክቼውም ይሆናል፤ አላውቅም።»

«ልቀቅ ተብለህ ነበር?»

«የሰማሁ መስሎኛል። ግን እሱ ጎንበስ ብሎ እግሯን እያሰረ ነበር፤ እንዴት ልቀቅ ይለኛል? ሁለት ወር በኮምፒውተር፣ አንድ ወር በትንሿ ስለማመድ ቆይቼ፣ ትልቋን የምነካበት ቀን ዛሬ ነበር። ቃሏን ከመጠበቄ ብዛት ጆሮዬ ፈጥሯት ይሆናል።»

«ይቺኛዋ ማብሪያስ? ሙጫ ነገር ይታይባታል።»

የኔአለም ያን ጊዜ ነው ያየው። የቀኝዋ ማብሪያ ወደ ላይ ተገፍታለች። «እሷ ለትርኢት ናት። እሷ ከተገፋች፣ እስሩ ሲፈታ ሞተሩ ማንሻውን ሳይጠብቅ ይነሣል። ጀማሪ እንዳይነካት ብሎ አንተነህ በቀይ ፕላስተር አሽጓት ነበር… የት ሄደ?»

«ስትቀበል አላየህም?»

«ዓይናችሁን ከሄሊኮፕተሯ እንዳትነቅሉ እያለ ነው ያስተማረን» አለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ይህችንም በጥፋቱ ላይ ደመራት።

ሕሊና ወደ አስከሬኑ ሄደች። ሄሊኮፕተሯ እንዳትገለበጥ የሚታሰርላት፣ ሰፊ ዘንግና ጫፉ ላይ የተሰኩ ኳሶች ያሉት የጀማሪ እግር በከፊል ታስሯል። በአንተነህ ጥርስ መካከል ነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ አለ፤ ከመነከሱ የተነሣ ተቆልምሟል።

«ልማዱ ነው» አለ ኻሊድ። ሄሊኮፕተሯን ከውጭ ያስመጣው ነጋዴ ነው፤ ያን ዕለት መኪናውን የነዳውም እሱ። «አንዱን እያሰረ ሌላውን በጥርሱ ይይዛል።»

«አንተ ምን ሰማህ?»

«ከዛፉ ሥር፣ መኪናው ጋ ነበርሁ። ስልክ እያወራሁ… ምንም አልሰማሁም» አለ ጫማውን እያየ።

በዚህ መሐል አያ አበረ በሬያቸውን እየጎተቱ ደረሱ፤ ተቆጥተዋል። «ማነው ልቀቅ ያለኝ? እንዲያው በሞቴ ማነው?»

«ምን ተባሉ፣ አያ?» አለች ሕሊና።

«ከወዲያ፣ ከዛፉ በላይ በሬዬን በገመድ ይዤ ቆሜ፣ ‹ልቀቅ!› የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሬው የሚጎትተኝ መስሎት አንድ ሰው ያዘነልኝ መሰለኝና ለቀቅሁት። ይኸው የሰው ጓያ በልቶ አዋረደኝ!»

በሌላ ቀን ቢሆን ሁሉም ይስቅ ነበር። የኔአለም ግን ልቡ ዘለለ። እንግዲህ ጆሮው አልፈጠረም፤ ቃሉ ተነግሯል።

«ያለው አንተነህ ነው» አለ ከኋላ መሳፍንት። የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነው፤ በልጅነቱ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቆጥሯል፤ የአንተነህም የመጀመሪያ ተማሪ ነው። «መኪናው ጋ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በራሱ አፍ ልቀቅ አለ። መምህሩን አትጫኑት፣ አደራ! እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገ።»

የኔአለም እንባው መጣ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የራራለት መሳፍንት ብቻ መሰለው።

በማግሥቱ አንተነህ ተቀበረ። የኔአለም ድንኳኑ ጥግ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ተቀመጠ። ገዳይ ከሟች ቤት ምን ይሠራል እያለ ራሱን ይበላል፤ መቅረቱ ደግሞ የባሰ ይሆንበታል። የአንተነህ ሚስት ወለላ ራሷ ምግብ አቀረበችለት። ጉርሻውን መልሶ ሰሐኑ ላይ አኖረው።

«አንተነህ ወዶህ ነበር» አለችው በሰለለ ድምፅ። «ማሠልጠኛ ሲከፍት ረዳቱ የምትሆነው አንተ መሆንህን ነግሮህ የለ? መሳፍንት በዚህ ሲቀየመው፣ ‹እጁ ፈጣን ነው፤ ሰው ቢጎዳብኝስ› ነበር ያለኝ። የኔአለም ግን ታጋሽ ነው ብሎ…»

ታጋሽ። የኔአለም መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ያን ጠዋት እንኳ መኪና ውስጥ፣ ሪሞቱን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ፎቶ አንስቶ ለተማሪዎቹ ልኮ ነበር። ይህ ነው ታጋሽ?

ሕሊናም ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ከፊቷ የኻሊድ ሚስት መዲና ለባልዋ በሹክሹክታ፣ «ለመሆኑ ቅዳሜ ስናወራ በስልኩ ጆሮዬ ላይ የጮኸብኝ ማን ነው? እስካሁን ይጮህብኛል» አለችው። ኻሊድ ክርኗን ነካ አደረጋት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ መዲናም አላወቀችም። ሕሊና ምንም እንዳልሰማች ሁሉ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ስትወጣ ብቻ፣ ያን ጠዋት ያነሣው ፎቶ እንዳለ የኔአለምን ጠይቃ ስልኩን ተቀበለችው።

በሣልስቱ ማግሥት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁሉም መስኩ ላይ ተጠሩ። ወለላ በጥቁር ልብስ፣ ኻሊድ ከመዲና ጋር፣ መሳፍንት፣ አያ አበረ በሬያቸውን እቤት አስረው። ሕሊና ሪሞቱን ለየኔአለም ሰጥታ ያን ዕለት የቆመበት አቆመችው። ጣቶቹ ጨምድደው ያዙት።

«የጠፋብን አንዲት ቃል ናት» ብላ ጀመረች። «አያ አበረ ሰምተዋታል፤ በሬያቸው ምስክር ነው። እንግዲህ ልቀቅ ያለው ማን ነው? መሳፍንት አንተነህ ነው ብሏል። እስቲ፣ መሳፍንት፣ ይህን በጥርስህ ያዝና ልቀቅ በል።»

ነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ ዘረጋችለት። መሳፍንት አልተቀበላትም።

«እኔ ሞክሬዋለሁ» አለች። «የሚወጣው ማቃሰት ነው። አያ አበረ የሰሙት ግን ጥርት ያለ ቃል ነው፤ ከዛፉ በላይ ሆነው። አንተነህ ያለው እዚህ ሜዳው መሐል፤ አፉ ተይዟል፤ ፊቱም ወደ መሬት ነው። ድምፁ የወጣው ከዛፉ ሥር፣ ከመኪናው ነው። እዚያ የነበሩት ሁለት ናቸው።»

ኻሊድ መዲናን ሰረቅ አድርጎ አየ።

«ኻሊድ፣ ስልክ ይዘህ የጮኸው አንተ ብትሆን ሚስትህ ድምፅህን ታውቀው ነበር። መዲና ግን ማን እንደጮኸ የምትጠይቀው አንተኑ ነው። ከስልኩ አጠገብ የጮኸ ሌላ ሰው አለ፤ አንተም ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ» አለ ኻሊድ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «መሳፍንት ነው። ሳያስበው ያመለጠው መስሎኝ… ከዚያ ደግሞ አንተነህ ነው ሲል ፈራሁ። ያስመጣኋት እኔ፣ ያመጣኋቸው እኔ። የወለላን ፊት እያየሁ ሦስት ቀን ዋሸሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ሁሉም ወደ መሳፍንት ዞረ። መሳፍንት ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እሺ፣ ብያለሁ። ማለቴ ግን ተወው፣ ሪሞቱን አትነካካ ነው። ልቀቅ ማለት መተው አይደለም እንዴ? መምህሩ በሌላ ፈታው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ? ስለፈራሁ ነው የዋሸሁት።»

የኔአለም ራሱ ሊያምነው ቀረበ። እውነት ነው፣ ቃሉ ሁለት ፍቺ አለው፤ ክፉውን የመረጠ እኔ ነኝ አለ በልቡ።

«ቅኔ መቁጠርህ እዚህ ላይ ጠቀመህ» አለች ሕሊና። «ሰሙን ለእኛ፣ ወርቁን ለየኔአለም። ፕላስተር ግን ሰምና ወርቅ የለውም።» የኔአለምን ስልክ አወጣች። «ይህ ፎቶ የተነሣው መኪና ውስጥ፣ ሊቆም ሲል ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ቀዩ ፕላስተር በቦታው አለ። ከዚያ አንተነህ ቀድሞ ወረደ፤ የኔአለም ሄሊኮፕተሯን ተሸክሞ ተከተለው። ሪሞቱን በሳጥኑ ይዞ የመጣው ማነው፣ ኻሊድ?»

«መሳፍንት። ከዚያ አስረክቦት ወደኔ ተመለሰ።»

«ፕላስተሩን ከሳጥኑ ስፖንጅ ሥር ተሸጉጦ አገኘሁት። ተወው ሊል የፈለገ ሰው አስቀድሞ ፕላስተር አይልጥም፤ ማብሪያም አይገፋም።»

መሳፍንት ሣሩ ላይ ተቀመጠ። «እንድትሰበር ነበር የፈለግሁት» አለ። «ዘላ ወድቃ እንድትሰበር፣ ታጋሽ ያለው ሰው እንዲያዋርደው። ጎንበስ ማለቱን… አይቻለሁ። አይቼ ነው ያልሁት። አፌ ቀደመኝ።»

ሁለት ፖሊሶች አንስተው ወሰዱት። አያ አበረ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ።

«ነጻ ነህ» አለችው ሕሊና የኔአለምን።

እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። «ወለላ» አለ፣ «ድምፁ የመጣው ከኋላዬ ነበር። አንተነህ ከፊቴ ነው። ዞሬ ማየት እችል ነበር። ለመጀመር ቸኩዬ ነው እንጂ… ከኋላዬ እንደመጣ አውቄያለሁ።»

ወለላ አላጽናናችውም፤ ምንም አይደለም አላለችውም። ቀርባ ሪሞቱን ያዘች፤ የባልዋ እጅ የለመደው ዕቃ ነውና ወደ ቤት ልትወስደው ፈልጋለች። የሱ ጣቶች ግን አልፈታ አሉ።

«ልቀቅ» አለችው።

የኔአለም ዞሮ ኋላውን አየ። ማንም የለም። ሜዳውን አየ፤ ጎንበስ ያለ ሰው የለም። ከዚያ ፊቷን አይቶ፣ የተናገረችው እሷ መሆኗን አረጋግጦ፣ ለቀቀ።